ወርቁን አውልቃችሁ መዝኑት

ልጆቼ፣

ዕድሜ ልኩን የሰው ደረሰኝ ሲያገላብጥ የኖረ ኦዲተር ስለ ቅርጻ ቅርጽ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ፊዲያስን የወደድኩት በሂሳብ አያያዙ ነው።

ግሪካዊው ቀራጺ በአቴንስ፣ ፓርቴኖን በሚባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ የቆመችውን የአቴናን፣ የከተማዋን ጠባቂ አምላክ፣ ሐውልት ሠራ። የተመረቀችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ438 ሲሆን፣ ቁመቷ 12 ሜትር ያህል፣ ገላዋ የዝሆን ጥርስ፣ ልብሷ ወርቅ ነበር። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ እንደጻፈው ወርቁ 40 ታለንት ነው፤ በዛሬ ሚዛን 1 ሺህ ኪሎ ገደማ። ክፉ ቀን ቢመጣ ከተማዋ ልትበደረው የምትችል መጠባበቂያም ነበር።

ፊዲያስ ታዲያ ወርቁን ሲያለብሳት፣ በተፈለገ ጊዜ እንዲወልቅ አድርጎ ነው። ከዘመናት በኋላ ታሪካቸውን የጻፈው ፕሉታርክ ምክሩ የአቴንስ መሪ የነበረው የፔሪክሊስ ነበር ይላል። የሐውልቷ ወጪም በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ነበር፤ ስብርባሪው ዛሬም አለ። (ሞዴል 22፣ የዕቃ ወጪ ቅጹን፣ መሙላት የሚሰለቻችሁ፣ እነዚያ በመሮ ይሞሉት ነበር።)

ሜኖን የሚባል የሥራ ባልደረባው «ወርቅ ሰርቋል» ብሎ ከሰሰው። ፔሪክሊስ «አውልቃችሁ መዝኑት» አለ። የስርቆቱ ክስ እዚያው ወደቀ።

እናንተም ንብረት ስትረከቡ ቆጥራችሁ ተረከቡ፤ ስታስረክቡም አስቆጥሩ። አለቃ በቃል ሲያዝዛችሁ «እሺ፣ በጽሑፍ ያድርጉልኝ» ማለትን ልመዱ፤ ቢቆጣም ይቆጣ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። እኔ ሲሻር ሲቆጨው ያየሁት ግን ሰነድ ያልያዘውን ነው።

ደግሞ እንዳላታልላችሁ፤ ንጹሕ ሂሳብ ከምቀኛ አያድንም። ወርቁ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ከሳሾቹ ወደ ጋሻዋ ዞሩ። በአምላኳ ጋሻ ላይ፣ በአማዞኖች (በአፈ ታሪክ የሚነገርላቸው ሴት ተዋጊዎች) ጦርነት ሥዕል ውስጥ ፊዲያስ ራሱን ድንጋይ ያነሳ መላጣ ሽማግሌ አድርጎ ቀርጿል፣ ፔሪክሊስንም አስገብቷል አሉ። ፕሉታርክ እስር ቤት ሞተ ይላል። ያ ሁሉ የተጠበቀ ወርቅም ቢሆን በኋላ ላካሬስ የተባለ አምባገነን ገፎ ወሰደው፤ ለሚዛን ያመቸው ለዘራፊም አመቸ ማለት ነው። ቁጥጥር ሁሉ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አያጣም።

ብዙ ተመራማሪዎች ግን ፊዲያስ ከአቴንስ ወጥቶ ኦሊምፒያ ላይ የግሪኮችን ዋና አምላክ የዜውስን ትልቅ ሐውልት ሠራ ይላሉ፤ ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ የተባለውን። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጀርመኖች ወርክሾፑን ሲቆፍሩ የልብስ እጥፋት የተሠራበትን የሸክላ ቅርጽ ማውጫ፣ የእጅ መሣሪያዎችና «የፊዲያስ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኩባያ አግኝተዋል። የንብረት መለያ መሆኑ ነው!

ከአንድ ቤት በሐሰት ተከሳችሁ ብትወጡ ሥራችሁን ሌላ ቤት ቀጥሉ። የርክክብ ሰነዳችሁን ኮፒ ግን ይዛችሁ ውጡ፤ ቀጣዩ ቀጣሪ መጠየቁ አይቀርም።