ታክሱ ዜሮ ሆነ እንጂ ምዝገባው አልቀረም

ወንድሜ፣ «ቴክሳስ ነኝ፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ጓደኛዬ ሳይለንሰሩን፣ የመሣሪያ ድምፅ ማፈኛውን፣ ሊሰጠኝ ነው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የ200 ዶላሩ ታክስ ቀርቷል ስለሚባል ዝም ብዬ ብወስደውስ?» ብለሃል። አትውሰደው።

እኔም እዚሁ ቴክሳስ ነኝ። የዱር አሳማ አድናለሁ፤ በስሜ የተመዘገበ ሳይለንሰርም አለኝ።

200 ዶላሩ የመጣው በ1934 ነው። ጊዜው የእነ አል ካፖን የወሮበላ ጦርነት ገና ያልተረሳበት ነበር። ኮንግረስ መትረየስን፣ አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃንና ድምፅ ማፈኛን በቀጥታ ከመከልከል ይልቅ ታክስ ጫነባቸው። የያኔው 200 ዛሬ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሰው እንዲሸሽ ታስቦ የተተመነ ዋጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ ሳይል 90 ዓመት ቆየ። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ለሳይለንሰርና ለአጫጭር ጠመንጃዎች ዜሮ አደረገው። ለመትረየስ 200ው እንዳለ ነው።

ሕጉ የነካው ግን ዶላሩን ብቻ ነው። የማስተላለፊያ ማመልከቻው ፎርም 4፣ አሻራው፣ ፎቶው፣ የኤቲኤፍ (የፌደራሉ የመሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ፈቃድ፣ ሁሉም አለ። እኔ ስገዛ ሱቁ ውስጥ ባለው ማሽን አሻራ ሰጠሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ የዕቃው ሴሪያል ቁጥር ፎርሙ ላይ ገባ። ከዚያ ሻጩ ዕቃውን መልሶ ቆለፈበት። ሙሉ ዋጋውን ከፍለህም ፈቃዱ እስኪመጣ ይዘህ መውጣት የለም።

ከጓደኛህ ስትቀበልም ያው ነው። ሁለታችሁም ቴክሳስ ስለሆናችሁ ጓደኛህ ዕቃውን በቀጥታ ወደ አንተ ለማዛወር ፎርም 4 ማስገባት ይችላል። ፈቃዱ እስኪመጣ ዕቃው እሱ ጋ ይቀመጥ። ስጦታ ነው፣ ውሰት ነው ማለት አያዋጣም፤ ሕጉ ማዋስንም ማስተላለፍ ይለዋል። እሱ አጠገብህ ቆሞ የተኩስ መለማመጃ ሬንጅ ላይ ብትተኩስበት ግን ችግር የለውም።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማስመዝገብ ይችላል። ፎርሙ ላይ ዜግነትህን ትጽፋለህ። አንተን ይበልጥ ሊያሳስብህ የሚገባው ሌላ ነው። ያልተመዘገበ ይዘህ ብትገኝ እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ የመሣሪያ ወንጀል ራሱን የቻለ የዲፖርቴሽን ምክንያት ነው። ስንት ዓመት የተለፋበት ካርድ ለአንድ ቱቦ?

ሚስት ካለህ ይህንንም አስብበት። በግል ስምህ ካስመዘገብከው አንተ በሌለህበት እሷ ይዛው መንቀሳቀስ አትችልም። እኔ ትረስት፣ ማለትም አንተንም እሷንም ኃላፊ አድርጎ ዕቃውን የሚይዝ ሕጋዊ የአደራ ሰነድ፣ ይሻላል ባይ ነኝ። ከ2016 ጀምሮ ትረስቱ ውስጥ ኃላፊነት ያለው ሁሉ አሻራ መስጠት ስላለበት ጣጣው በዛ እንጂ ያዋጣል።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ፣ እናንተ ጋ ሳይለንሰር ሕጋዊ ነው፤ ድልድዩን ተሻግራችሁ ዲሲ ስትገቡ ግን ክልክል ነው። መኪናችሁን ፈትሹ።

ኦንላይን «የነዳጅ ፊልተር» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠው ነገርም አለ። ስሙ ፊልተር ይሁን እንጂ የተሠራው ድምፅ ለማፈን ከሆነ በሕጉ ሳይለንሰር ነው፤ ቤትህ ድረስ በፖስታ መምጣቱ አያድንህም። ሽጉጥ ላይ የትከሻ ሰደፍ መግጠምም እንደዚያው ነው። አፈሙዙ ከ16 ኢንች ካነሰ ሳታስፈቅድ አጭር ጠመንጃ ሠራህ ማለት ነው። ልኬቱ ቀላል ነው። ባዶ መሆኑን ደጋግመህ አረጋግጥ፣ መዝጊያውን ዝጋ፣ ቀጭን ዘንግ ከአፉ እስከ መዝጊያው አስገባና አፉ ጋ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ አውጥተህ እስከ ምልክቱ ለካው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ወጣቶቹ ግሎክ ሽጉጥ አንዴ ሲሳብ በተከታታይ እንዲተኩስ ብለው የሚሰኩበት «ስዊች» ነው። ሳንቲም የምታህል ነገር ናት፤ ብቻዋንም ኪስ ውስጥ ብትገኝ በሕጉ መትረየስ ናት። ከሜይ 1986 ወዲህ የተሠራ መትረየስ በግለሰብ ስም ስለማይመዘገብ ምንም ፎርም አያስተካክላትም።

ጓደኛህን መጀመሪያ የጸደቀለትን ፎርም አሳየኝ በለው። እጁ ላይ ከሌለ ለራሱም ጠበቃ ያስፈልገዋል። አንተ ደግሞ ከወዲሁ ተቀብለኸው ከሆነ የትም ከመደወልህ በፊት ወንጀሉንም ኢሚግሬሽኑንም የሚያውቅ ጠበቃ አነጋግር፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ከያዝከው በኋላ በራስህ ስም ማስመዝገብ አይቻልም።