ከሃይላይቱ በፊት ደቂቃውን ይደምሩ

እህቴ፣ ሰላም ለእርስዎ። ጥያቄዎን ትናንት ማታ አየሁት። በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ አልሆንልህ ስላለኝ ዛሬ ተረጋግቼ ልጻፍልዎት። ልጅዎ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ ቅርጫት ኳስ ሊጫወት ነው፤ ዲቪዥን ስሪ፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛው ደረጃ፣ ነው ብለዋል። አሰልጣኙ ዘንድሮ ዘጠኝ ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) አምጥቷል፣ ኢንስታግራም ላይ የሁሉም ሃይላይት፣ ምርጥ ምርጡ ብቻ ተቆርጦ የተቀጠለበት ቪዲዮ፣ ጉድ ያሰኛል። «ቡድኑ ጥሩ ነው ወይ? ልጄስ ይጫወታል? ኖቬምበር እስኪደርስ ሳልጠብቅ እንዴት ነው የማውቀው?» ነው ጥያቄዎ።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ታላቁ ልጄ እንዲህ ያለ ኮሌጅ ገብቶ ሲጫወት ጀምሮ የዚህን አካባቢ ትንንሽ ኮሌጆች እከታተላለሁ። እሱ ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላም አልተውኩትም። ክረምቱ ሲገባ ቅዳሜ ከሰዓት የማሳልፈው ከእነዚህ ኮሌጆች ጂሞች (የቤት ውስጥ ሜዳዎች) በአንዱ ነው።

መልሴ አጭር ነው፤ የሚረዝመው ማብራሪያው ነው። አዲስ የመጡትን ለጊዜው ይተዉአቸውና ያልሄዱትን ይቁጠሩ።

እንዲህ ያድርጉ። የኮሌጁን የስፖርት ገጽ ይክፈቱና ያለፈውን ዓመት ስታቲስቲክስ ያውጡ። ቢቻል በወረቀት ያትሙት። ከእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ጎን ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ የሚያሳይ ዓምድ አለ። ነጥቡን አይዩ፣ ደቂቃውን ይዩ። አንድ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው፤ ሜዳ ላይ አምስት ሰው ስላለ በጠቅላላው 200 ደቂቃ ይሆናል። በዲቪዥን ስሪ መደበኛው ውድድር ቢበዛ 25 ጨዋታ ነው። 25 በ200 ሲባዛ 5,000 ደቂቃ ማለት ነው። አሁን የተመረቁትን ይሰርዙ። የቀሩትን ደቂቃ ይደምሩ። ከ5,000ው ውስጥ 3,500 ያህል ተመላሽ ካለ፣ ያ ቡድን በኖቬምበር የሚጫወተው ባለፈው ፌብሩዋሪ ካቆመበት ቀጥሎ ነው። 2,000 ብቻ ከቀረ ግን ፍሬሽማኖቹ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ ዓመቱ የመማሪያ ዓመት ነው።

ይህን የምልዎት እንዲሁ ከራሴ አንጎል አውጥቼ አይደለም። የዊስኮንሲኑን ኦሽኮሽ ዩኒቨርሲቲ ይመልከቱ። በ2018 ለዲቪዥን ስሪ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በኔብራስካ ዌስሊያን 78 ለ72 ተሸነፈ። ዋናዎቹ ልጆች ተመልሰው መጡና በ2019 ስዋርትሞርን 96 ለ82 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። በቅርቡም የኮነቲከቱ ትሪኒቲ ኮሌጅ በ2024 ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ነበር። በ2025 ኤንዋይዩን (ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲን) 64 ለ60 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ትላልቆቹ ዲቪዥን ዋን ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ቡድናቸውን አፍርሰው በዝውውር ይገነባሉ። ትንንሾቹ ዘንድ ግን እስካሁን የሚያሸንፈው አብሮ የኖረ ቡድን ነው። እኔ ይህን ጨዋታ የምወደውም ለዚህ ነው፤ ልጆቹ ሲያድጉ ማየት ይቻላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ያልተመረቀ ሁሉ ይመለሳል» ብለው አይደምሩ። ዲቪዥን ስሪ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም። ስለዚህ ልጁን ከቡድኑ ጋር የሚያስረው ፍቅሩ ብቻ ነው። አንዱ ላብራቶሪው ከልምምድ ሰዓት ጋር ይጋጭበታል። አንዱ አንድ ሴሚስተር ውጭ አገር ሊማር ይሄዳል። አንዱ ኢንተርንሺፕ ያገኛል። ማንም መግለጫ አያወጣለትም፤ ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ጠፍቶ ይገኛል። ስለዚህ የአዲሱ ዓመት ስም ዝርዝር ሲወጣ ካለፈው ዓመት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ስም በስም ያመሳክሩ። ለእኔ ከማንኛውም ትንበያ በላይ የሚነግረኝ ይህ ነው። በተለይ ኳስ የሚያመጣው ልጅ፣ ፖይንት ጋርዱ፣ ከሌለ ደቂቃው ቢበዛም እሰጋለሁ። (የአሜሪካ ፉትቦልም የሚጫወት ልጅ ካለ፣ የፉትቦሉ ወቅት እስኪያልቅ ዘግይቶ ስለሚቀላቀል በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ባያዩት አይደንግጡ።)

አሁን ወደ ዘጠኙ ፍሬሽማኖች ልምጣ። ዘጠኝ ስለመጡ ዘጠኙም ኮከብ ናቸው ማለት አይደለም፣ ዘጠኙም ይጫወታሉ ማለትም አይደለም። ብዙ ትንንሽ ኮሌጆች የሚኖሩት ተማሪው በሚከፍለው ክፍያ ነው። ስፖርት ደግሞ ተማሪ የሚስብበት አንዱ መንገድ ነው። ስለዚህ ከሃያ በላይ ተጫዋች የሚይዝ ቡድን ያጋጥምዎታል። ከእነዚህ ውስጥ በወጉ የሚጫወቱት ዘጠኝ ወይም አሥር ናቸው። የቀሩት ጄቪ በሚባለው ሁለተኛ ቡድን ይጫወታሉ፣ ወይም ይለማመዳሉ። ነውር የለበትም፤ ብቻ አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰውነት ነው። አንድ ጨዋታ ትዝ ይለኛል። በሰውነት ማሟሟቂያው ላይ ከሁሉም በላይ የሚያምረው አንድ ፍሬሽማን ጋርድ ነበር። ኳሷ ከእጁ ጋር የተሰፋች ትመስላለች። ጨዋታው ተጀመረና ተቃራኒው ቡድን አንድ ጺም ያወጣ ሲኒየር (የመጨረሻ ዓመት ተማሪ) መደበበት። ሲኒየሩ ኳሱን ሊነጥቀው አልሞከረም። ደረቱን ብቻ አስጠግቶ ወደ መስመሩ ገፋው። ልጁ መሃል ሜዳ ሳይደርስ ጀርባውን ሰጠ፣ ቀና ብሎ ማየት አቃተው፣ ኳሱን ሲያቀብል ዘግይቶ አቀበለ። ሁለቴ አስነጠቀና አሰልጣኙ ቀየረው። ያንኑ ልጅ ፌብሩዋሪ ላይ ድጋሚ አየሁት። ትከሻውን አስቀድሞ፣ ሰውየውን ከኋላው አድርጎ፣ ቀስ ብሎ እያየ ኳሱን ያመጣ ነበር። ፍጥነቱ ያው ነው። በኖቬምበር ያልነበረው ከሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ጋር መጋፋት ነበር። አብዛኛው ፍሬሽማን እንዲህ ነው። የገና እረፍት ካለፈ በኋላ፣ ጃንዋሪ ላይ የኮንፈረንስ ጨዋታ (በአንድ ሊግ ካሉ ኮሌጆች ጋር የሚደረገው) ሲበዛ ነው ማንነቱ የሚለየው።

ታዲያ ከአዲሶቹ ማን ቶሎ እንደሚጫወት እንዴት ይገመታል? ሃይላይቱን ይዝጉትና ሙሉ ጨዋታ ይፈልጉ። ሃይላይት ላይ የሳተ ሰው የለም። ሙሉ ጨዋታ ላይ ግን ኳስ ሳይዝ ምን እንደሚያደርግ፣ ከሳተ በኋላ ሮጦ ይመለስ እንደሆነ፣ ደክሞት መከላከል ይተው እንደሆነ ይታያል። ከዚያ የተጫወተበትን ሃይስኩል ሊግ ይዩ። እዚህ አካባቢ ካሉት የከበደው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶቹ ሊግ ነው፤ ዲማታ፣ ጎንዛጋ፣ ፖል ሲክስዝ ያሉበት። እዚያ ሰባት ነጥብ እያገባ የከረመ ልጅ፣ ደካማ ሊግ ውስጥ ሃያ ሁለት ከሚያገባው ሊበልጥ ይችላል። በየልምምዱ የሚጋፋው ነገ ዲቪዥን ዋን ከሚሄዱ ልጆች ጋር ነውና። ከሃይስኩል በኋላ አንድ ዓመት ፕሬፕ ትምህርት ቤት (ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት) የቆየ ካለም ምልክት ያድርጉበት። ዕድሜውም ሰውነቱም አንድ ዓመት ቀድሟል። የተጻፈውን ቁመት ግን ብዙ አይመኑት፤ የሁሉም ቡድን ዝርዝር ትንሽ ያስረዝማል።

ከፍሬሽማን ይልቅ እኔ በመጀመሪያ የምፈልገው ከሌላ ኮሌጅ የተዛወረ ተጫዋች ነው። ከዲቪዥን ቱ የመጣ ሶፎሞር (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ) ካለ፣ እዚያ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ይዩ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢሆንም እንኳ የኮሌጅ ልምምድ ለምዷል። ለልጅዎ ቦታ የሚሻማው ከሌላው ፍሬሽማን ይልቅ እንዲህ ያለው ነው።

«ኮሚት አድርጌያለሁ»፣ እዚህ ኮሌጅ ልገባ ወስኛለሁ፣ የሚለውን ፖስተርም በጥንቃቄ ይያዙት። ዲቪዥን ስሪ ውስጥ ልጁን የሚያስገድድ ፊርማ የለም። የሚፈርሙት ወረቀት የደስታ መግለጫ ነው። በጁን የተለጠፈ ልጅ በኦገስት ሌላ ቦታ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ከፖስተሩ ይልቅ በበልግ የሚወጣው ስም ዝርዝር ይታመናል።

ፍሬሽማን በጭራሽ ቡድን አይለውጥም ማለቴ አይደለም። ደንከን ሮቢንሰን በማሳቹሴትሱ ዊሊያምስ ኮሌጅ ፍሬሽማን ሆኖ ቡድኑ በ2014 እስከ ፍጻሜው ደረሰ፤ በዊስኮንሲን ዋይትዋተር የተሸነፉት 75 ለ73 ነው። ከዚያ ወደ ሚሺጋን ተዛወረ፣ ቀጥሎ በማያሚ ሂት ኤንቢኤ ፍጻሜ ላይ ተጫወተ። እሱም ቢሆን ከመምጣቱ በፊት ፕሬፕ ትምህርት ቤት ቆይቷል፣ የገባበትም ቡድን ጠንካራ ነበር። እንዲህ ያለው በየኮሌጁ በየዓመቱ አይገኝም።

ቀጥሎ የጨዋታ ፕሮግራሙን ያንብቡ። ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት? ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ) ውስጥ ከሌሉ ትንንሽ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጆች ጋር የሚገኝ ድል ስለ ቡድኑ ብዙ አይነግርም። በኖቬምበር 2012 የአይዋው ግሪኔል ተጫዋች ጃክ ቴይለር በአንድ ጨዋታ 138 ነጥብ አገባ። ዓለም ሁሉ አወራለት። ቀለበቱ ላይ የወረወረው 108 ጊዜ ነው፣ ተጋጣሚያቸው ፌይዝ ባፕቲስት የሚባል የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነበር፣ ጨዋታው 179 ለ104 አለቀ። ከተቃራኒው ወገንም አንድ ልጅ 70 አግብቷል። ልጁ የሠራው ታሪክ ነው፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ከነጥብ ቁጥር ጀርባ አጨዋወቱንና ተጋጣሚውን ካላዩ ቁጥሩ ያሳስታል። በተቃራኒው ወቅቱ ሲከፈት ከዲቪዥን ዋን ትምህርት ቤት ጋር ለሙከራ ተጫውተው በአርባ ነጥብ ቢሸነፉም አይዘኑ። እነዚያ ጨዋታዎች የሚደረጉት ለልምድ ነው።

የአሰልጣኞች ቅድመ ውድድር ምርጫ፣ ዲ ስሪ ሁፕስ የሚባለው ድረ ገጽ የሚያወጣው የምርጥ 25 ዝርዝር፣ እነዚህን አንዴ አይቶ ማለፍ ይበቃል። በአብዛኛው ያለፈው ዓመት ደረጃ ትንሽ ተሻሽሎ ነው የሚወጣው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እዚህ የምንወያይበት ቡድን ውስጥ አንዳንድ ሰው «ዲቪዥን ስሪ ነው እንዴ?» እያለ ሲያጣጥል አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። የእኛ አካባቢ በዚህ ደረጃ ከአገሪቱ ጠንካራ ከሚባሉት ነው። በ2022 የአሽላንዱ ራንዶልፍ ሜከን ከአንድ ጨዋታ በቀር ሁሉንም አሸንፎ፣ ፍጻሜው ላይ ኤልምኸርስትን 75 ለ45 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። በ2023 የኒውፖርት ኒውሱ ክሪስቶፈር ኒውፖርት ማውንት ዩኒየንን 74 ለ72 አሸነፈ፤ ያቺ የመጨረሻ ኳስ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች። በ2024 ሃምደን ሲድኒ ፍጻሜ ደርሶ በትራይን ተሸነፈ። በተከታታይ ሦስት ዓመት ፍጻሜው ላይ አንድ የቨርጂኒያ ኮሌጅ ነበር ማለት ነው። እዚሁ ዲሲ ያለው ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲም በ2001 ዋንጫውን ወስዷል። ልጅዎ የሚገጥማቸው እንዲህ ያሉ ቡድኖችን ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ተመርጦ መግባት ቀላል ነገር አይደለም።

«ልጄስ ይጫወታል?» ላሉት፣ የእሱን ቦታ የሚጫወቱትን ብቻ ለይተው ይጻፉና ስንተኛ ዓመት እንደሆኑ ይዩ። ሁለት ሲኒየር ከፊቱ ካሉ ዘንድሮ ትዕግሥት ነው፤ የከርሞው በር ግን ሰፊ ነው። ሁለት ሶፎሞር ካሉ ፉክክሩ ሌላ ነው፣ አሁኑኑ ጂም መግባት አለበት። አሰልጣኙን እርስዎ አይደውሉለት። ልጁ ራሱ ሄዶ «ሜዳ ለመግባት ምን ላሻሽል?» ብሎ ይጠይቅ። እኛ ያደግንበት አገር ወላጅ ትምህርት ቤት ሄዶ ስለ ልጁ መናገር ወግ ነው፣ ይገባኛል። እዚህ ግን አሰልጣኙ ከልጁ አፍ መስማት ይፈልጋል። ደግሞ በአንድ ነገር እፎይ ይበሉ። የሚሰጠው የገንዘብ እርዳታ በውጤቱና በቤተሰብ ገቢ እንጂ በኳስ ስላልሆነ፣ ወንበር ላይ ቢቀመጥም አይነካበትም።

ልምምድ የሚጀመረው ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ነው፣ ጨዋታው ኖቬምበር መጀመሪያ። አብዛኛው ጨዋታ በየኮሌጁ ገጽ በቀጥታ ይተላለፋል፣ አንዳንዱ ኮንፈረንስ ያስከፍላል። ከቻሉ ግን የመጀመሪያውን የሜዳ ጨዋታ ጂም ሄደው ይዩት። ከተጫዋቾቹ ወንበር ጀርባ ሳይሆን ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ አሰልጣኙ ሲቆጣ ማን ቀና ብሎ እንደሚሰማ ያያሉ። የዘንድሮው ስም ዝርዝር እንደወጣ ካለፈው ዓመት ስታቲስቲክስ ጋር እዚህ ይለጥፉት። የኮሌጁን ስም መናገር ካልፈለጉ ሸፍነው ይላኩት፤ ደቂቃውን አብረን እንደምረዋለን።