ፕሮግራሙ «ቆመ» ሲባል ቆሞ ነው ወይስ አብቅቶ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በጂዲቢ ዲበገር (ሌላ ፕሮግራም ሲሮጥ ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ) ላይ በፓይተን ቋንቋ ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም፣ እንጽፋለን። «ፕሮግራሙ ሲቆም ይመዝገብ» የሚል አጭር ማስታወሻ ተውኩለት። እኔ የፈለግሁት ፕሮግራሙ ማቆሚያ ነጥብ ላይ (ዲበገሩ እንዲያቆመው አስቀድመን ምልክት ያደረግንበት ቦታ ላይ) በደረሰ ቁጥር እንዲመዘገብ ነበር። ሠላሳ ጊዜ ያህል እያስቀጠልኩ ሄድኩና ፋይሉን ስከፍተው አንድ መስመር ብቻ አገኘሁ፤ እሱም ዜሮ። ለካ ስክሪፕቱን ያገናኘው ከፕሮግራሙ ፍጻሜ ጋር ነው። «አንተ ነህ ሲቆም ያልከው» አለኝ። ጥፋቱ የማን ነው? ዲበገሩ አንድ ነገር መሆኑን ለስክሪፕቱ የሚያሳውቅበትን «ኢቨንት»ንስ ክስተት እንበለው ወይስ ኩነት?

መልስ፦ ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ተካፈሉት። ትልቁ ድርሻ ግን የ«ቆመ» ነው።

«መኪናው ቆመ» ሲባል መኪናው አለ። ቁልፉን ቢያዞሩት ይሄዳል። «ዝናቡ ቆመ» ሲባል ግን ዝናብ የለም። ግሡ ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ባለቤቱ ነው። አካል ያለው ነገር ሲቆም እዚያው ይገኛል። ድርጊት ሲቆም ያከትማል። ፈረሱ ቆመ፣ ልጁ ቆመ፣ ሰዓቱ ቆመ፤ ሁሉም አሉ። ጩኸቱ ቆመ፣ ክፍያው ቆመ፣ ጦርነቱ ቆመ፤ አንዳቸውም የሉም።

ፕሮግራም ታዲያ ከየትኛው ወገን ነው? ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከሁለቱም ነው። እንደ ዕቃ ይጫናል፣ እንደ ሥራ ይካሄዳል። እርስዎ እንደ መኪና አይተውታል፣ ባልደረባዎ እንደ ዝናብ ሰምቶታል። በሁለቱም በኩል አማርኛው አልተሳሳተም።

ዲበገሩ ግን ይህን አያምታታም። ጂዲቢ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው 7.3 እትሙ የፓይተን ስክሪፕቶች ኩነት (ኢቨንት) እንዲከታተሉ ሲፈቅድ በሦስት ዓይነት ነው የጀመረው፤ ስቶፕ፣ ኮንት እና ኤግዚትድ። ሁለተኛዋን ልብ ይበሉልኝ። «ቀጠለ» ማለት ናት። ከእሷ ጥሩ መፈተኛ እናገኛለን። «ቆሞ ቀጠለ» ቢሉ ጆሮ አይቆረቁርም። «አብቅቶ ቀጠለ» ቢሉ ሰሚው ቀና ብሎ ያያችኋል። ስለዚህ ስቶፕን «ቆመ»፣ ኤግዚትድን «አበቃ» ብላችሁ ለዩት። ማስታወሻው ለአዲስ ሰው ከሆነ «ባለበት ቆመ» ይበሉ፤ «ባለበት» የምትለው ቃል ዝናቡን ታስወጣዋለች።

«ተጠናቀቀ» ለምን አይሆንም የሚል ይኖራል። «ተጠናቀቀ» ውስጥ ምስጋና አለ። ሥራው አምሮ አለቀ ያሰኛል። ፕሮግራም ግን ተበላሽቶም ያበቃል። «ወጣ»ም ደስ አይለኝም፤ በአማርኛ ከፕሮግራም የሚወጣው ሰውየው ነው።

«ሞተ» የምትለዋን የእናንተን ሰፈር ቃል እወዳታለሁ። ብቻ ትቸኩላለች። ፕሮግራሙ የማይገባውን ሜሞሪ ነክቶ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲግናል የሚባል መልእክት ሲመጣበት ሁላችሁም «ሞተ» ትላላችሁ። ዲበገሩ በዚያች ቅጽበት የሚልከው ግን የስቶፕ ኩነት ነው። ፕሮግራሙ ገና አለ። ስታኩ (የትኛው የኮድ ክፍል የትኛውን እንደጠራ የሚያሳየው ዝርዝር) ይነበባል፣ የተለዋዋጮቹ (የቬሪያብሎቹ) ዋጋ ይታያል። ሊሞት ሲል ተይዟል ማለት ነው። ካበቃ በኋላ ግን የሚጠየቅ ስታክ የለም። ካለ የመውጫ ኮዱ፣ ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚተወው ቁጥር፣ ነው የሚቀረው። የእርስዎም ፋይል ዜሮ ብቻ ይዞ የተገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ድርሻ ልምጣ። «ሲቆም» ያሉት «ሲ» ብዙ ሸክም ትሸከማለች። አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሁልጊዜ? እየቆመ ሳለ ነው ወይስ ከቆመ በኋላ? «ሲመጣ ንገረኝ» ብልዎ አንዴ ነግረውኝ ዝም ቢሉ አልቀየምም። «በመጣ ቁጥር ንገረኝ» ካልኩ ግን ዝምታዎ ያስወቅሳል። የስቶፕ ኩነትን ከአንድ ፋንክሽን (በስሙ ከሚጠራ የኮድ ክፍል) ጋር ኮኔክት በሚባለው ትእዛዝ ሲያገናኙ፣ እስካላቋረጡት ድረስ ፋንክሽኑ በየመቆሙ ይጠራል። አማርኛው «በቆመ ቁጥር» ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ስሙ ተመሳሳይ ስለሆነ ብዙ ሰው ይስታል። በፓይተን የራስዎን ማቆሚያ ነጥብ ሲሠሩ ስቶፕ የሚባል ሜተድ (የማቆሚያ ነጥቡ የራሱ ፋንክሽን) መጻፍ ይችላሉ። ይህኛው ከኩነቱ ጋር አንድ አይደለም። ኩነቱ ወሬ ነጋሪ ነው፤ «ቆሟል» ይላል። ሜተዱ ጥያቄ ነው፤ «ይቁም ወይ?» ይላል። እውነት ብለው ከመለሱለት ይቆማል፤ ሐሰት ካሉት ያልፋል። የጂዲቢ መመሪያ ሰነድም በዚያ ሜተድ ውስጥ ፕሮግራሙን አንድ እርምጃ አራምዳለሁ እንዳትሉ ይከለክላል፤ ገና ያልተቆረጠ ጉዳይ ነዋ። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ስቶፕ ብሎ ተገላገለ። እኛ ግን «ቆሟል» እና «ይቁም» የሚሉ ሁለት የተለያዩ መልኮች በእጃችን እያሉ ለምን እናምታታ?

«ማቆሚያ ነጥብ» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። «መቆሚያ» ቢሉ ፕሮግራሙ በራሱ ፈቃድ የሚያርፍበት ይመስል ነበር። «ማቆሚያ» አድራጊ አለው፤ አቋሚው እርስዎ ነዎት። «መሰበሪያ ነጥብ» የሚል ትርጉም አይቻለሁ፤ ምን እንደሚሰበር አልገባኝም።

ክስተት ወይስ ኩነት? እኔ ኩነት እላለሁ። «ክስተት» የግእዙ «ከሠተ» ልጅ ነው፤ መግለጥ፣ መታየት ማለት ነው። ዛሬም ያልተጠበቀ፣ ዓይን የሚስብ ነገር ይሸተዋል። የፀሐይ ግርዶሽ ክስተት ነው። ፕሮግራም በቀን መቶ ጊዜ ማቆሚያ ነጥብ ላይ መድረሱ ምኑ ያስደንቃል? «ኩነት» ከ«ኮነ» ነው፤ የአማርኛው «ሆነ» ማለት ነው። «ኵሉ» «ሁሉ» እንደሆነው «ኮነ»ም «ሆነ» ብሏል። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በመዝገብ ሲገቡ «ወሳኝ ኩነት» ይባላሉ። ሆነ፣ ተመዘገበ፣ አለቀ። የእርስዎ ስክሪፕት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። «ሁነት» የሚሉም አሉ፤ አልጣላቸውም።

ኩነቱን ለሚቀበለው ፋንክሽን ስም ስታወጡ ግን ተጠንቀቁ። «ኩነት አስተናጋጅ» ቢሉት የሠርግ ድግስ የሚመራ ሰው ይመስላል። በግሥ ሲሆን ምንም አይል፤ «ኩነቱን ያስተናግዳል» ያምራል። በስም ከሆነ «ኩነት ተቀባይ» ይሻላል። «መያዝ»ን ለኤክሴፕሽን፣ ኮዱ ሲሮጥ ለሚነሳ ስሕተት፣ ተዉለት። ኤክሴፕሽን አምልጦ ይሄዳል፣ ስለዚህ ይያዛል። ኩነት ራሱ ነው በር አንኳኩቶ የሚመጣው።

ጂዲቢ የሚመረመረውን ፕሮግራም «ኢንፊሪየር» ይለዋል። «የበታች» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት፤ ሠራተኛ የተሰደበ ይመስላል። ከሳሽና ተከሳሽ እንደምንለው መርማሪና ተመርማሪ አለን። ዲበገሩንም «አራሚ» ከማለት «መርማሪ» ማለቱ ልክ ነው፤ እሱ ያሳያል እንጂ አያርምም። አረሙን የምትነቅሉት እናንተው ናችሁ።

ማስታወሻዎን እንዲህ አድርገው ይጻፉት፦ «ተመርማሪው ማቆሚያ ነጥብ ላይ ባለበት በቆመ ቁጥር የተለዋዋጮቹ ዋጋ ይመዝገብ፤ ሲያበቃ የመውጫ ኮዱ ብቻ ይመዝገብ።» ሁለተኛዋ «ሲ» ትቆይ፤ አንድ ሩጫ የሚያበቃው አንዴ ነው።