ትኩሳቱ ቢለቀውም መድኃኒቱን አያቁም

አይዞሽ እህቴ። ወንድምሽ ሳንባው መግል ቋጥሮ መድኃኒት ጀምሯል፣ አሁን ትኩሳቱ ስለለቀቀው ላቁም እያለ ነው ብለሻል። እንዳያቆም! መግሉ ሳንባው ውስጥ የፈጠረው ጉድጓድ ገና አልደረቀም። አንቲባዮቲኩ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ መቼ እንደሚቆም ሐኪሙ ራጁን አይቶ ይወስናል። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል።

የጣና ብርድ መታው የሚሉሽን ተያቸው። አክታው የሚከረፋው ብዙውን ጊዜ ከአፍ ወደ ሳንባ በወረዱ ባክቴሪያዎች ነው፤ የተበላ ጥርስ ካለው ይታከም፣ አረቄውንም ይተው፣ ሰክሮ የተኛ ሰው ትውከቱና ምራቁ ሳያውቀው ወደ ሳንባው ይገባልና። ቲቢም ሊመስል ስለሚችል አክታው በጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ጀርም በሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ) ካልታየ ጠይቁ።

ደም ካሳለ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይዛችሁ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።