መልስ፦ ለክፍሌ ከመጽሐፍ ላይ ኮፒ ባደርግ ያስጠይቀኛል?

አያስጠይቅህም። ካልከው የአጭር ልቦለድ መድበል አንዷን ለተማሪዎችህ ኮፒ አድርገህ ማደል ትችላለህ፣ ደራሲውን ማስፈቀድም መክፈልም የለብህም። የቅጂ መብት አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 11ን እይ፣ ለማስተማሪያ የሚባዛን የታተመ ሥራ ባለመብቱ መከልከል አይችልም።

ግን ልክ አለው። የምታባዛው ለትምህርቱ የሚያስፈልግህን ያህል ብቻ ነው፣ የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም ደግሞ ከገጹ አናት ላይ ጻፍ። «የመጽሐፉ ዋጋ ተወዷል፣ ሙሉውን ላባዛው ወይ?» ላልከው ግን አይሆንም። መወደዱን ማን ይክዳል፣ ሕጉ ግን ዋጋ አይቶ አይፈቅድም። ለራስህ ማስታወሻ ወይም ለሂስ ጥቂት መስመር መጥቀስ ከፈለግህ እሱ ሌላ ነው፣ አንቀጽ 10 ላይ አለልህ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ኦሪጅናሉን ኮፒ ቤት ጥለህ እንዳትሄድ። እኛ ሰፈር አንድ መምህር «ተማሪዎቹ እየመጡ ይውሰዱ» ብሎ ትቶት ሄደ፣ የኮፒ ቤቱ ልጅ ጠርዞ መደርደሪያ ላይ ሰቅሎ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ሲሸጠው ከረመ። ያ ማስተማር ሳይሆን ንግድ ነው፣ አንቀጽ 11 አያድንህም። ስካን አድርጎ ቴሌግራም ላይ መልቀቅም ያው ነው፣ ከክፍልህ ከወጣ በኋላ አትመልሰውም። እዚያው ቆመህ አስባዛና መጽሐፍህን ይዘህ ውጣ።