ለታክሲና ለባቡር መንገድ ኢርፎን ስትመርጪ ከጎማው ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከአያት ሜክሲኮ በየቀኑ ትመላለሻለሽ፣ አንዳንዴ በባቡር፣ አንዳንዴ በታክሲ። የምታዳምጪው ትረካ፣ መዝሙርና ሬዲዮ ነው። ባለገመድ ልግዛ ወይስ ብሉቱዝ፣ ጫጫታ የሚያጠፋውስ ለዋጋው ያዋጣል ወይ ብለሻል። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች የብራንድ ስም ነው የጻፉልሽ። እኔ ብራንዱን ወደ ኋላ ላቆየው። የስልክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ራሴም ያለ ኢርፎን ከቤት አልወጣም። ከዚያ የተማርኩትን ልንገርሽ።

ሱቅ ውስጥ በጣም የሚበዛው ቅሬታ «ቤዝ የለውም» ወይም «ድምፁ ትንሽ ነው» የሚል ነበር። ሰው ኮፒ ሸጣችሁልኝ ብሎ ተናዶ ይመጣል። ጫፉ ላይ ያለችውን ጎማ አውልቀን በሌላ ልክ ስንቀይርለት ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጎማዋ የጆሮሽን ቀዳዳ በደንብ ካልዘጋች ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ይወጣል፤ ቀጭኑ ብቻ ይቀርልሻል። በገና የምትሰሚ ከሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቅሻል። ያ ጥልቅ ዝዝታው ይጠፋና የጣት ምቱ ብቻ ይሰማል። ማሲንቆ ደግሞ ከሚገባው በላይ ስለታም ይሆናል።

በዚያው ክፍተት የውጭው ጫጫታ ይገባል። ሞተሩ፣ ረዳቱ፣ ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን። ያኔ የማንም እጅ የሚሄደው ወደ ድምፅ መጨመሪያው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 90 ዴሲቤል ከደረሰ ግን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በሳምንት ነው እንጂ በቀን አይደለም! ደርሶ መልስሽ ሁለት ሰዓት ቢሆን ሰኞ የጀመርሽው ማክሰኞ ማታ ያልቃል። ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ ለመንገድ ጥሩ ኢርፎን ማለት ለእኔ መገናኛ መሐል ቆመሽ ድምፁን ሳታስጮሂ የምትሰሚበት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ጎማውን እንዲህ አድርጊ። ካርቶኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ልክ አለ። ተገጥሞ የሚመጣው መካከለኛው ነው፤ ብዙ ሰው ሌሎቹን ሳይነካቸው ይጥላቸዋል። አንቺ ሁሉንም ሞክሪ። ቀኝና ግራ ጆሮ ልካቸው የሚለያይ ሰው ብዙ ስለሆነ ሁለት የተለያየ ልክ ብታደርጊ አይድነቅሽ። ስታስገቢ በሌላኛው እጅሽ ጆሮሽን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ፤ ከዚያ ኢርፎኑን በትንሹ እያዞርሽ አስገቢው። በትክክል ከገባ የራስሽ ድምፅ ጭንቅላትሽ ውስጥ ያስተጋባል፤ ስትራመጂም የእግርሽ ምት ይሰማሻል። መዘጋቱን የምታውቂው በዚህ ነው። ጎማ የሚንሸራተትባቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ስፖንጅ መሰሉ ይሻላል፤ በጣት ጨምቀሽ ታስገቢዋለሽ፣ ውስጥ ሲደርስ ያብጣል። ጉዳቱ ቶሎ ማለቁ ነው።

መዘጋቱ የሚያስጨንቀው ሰውም አለ፣ እሱም ልክ ነው። ጎማ የሌለውና ጆሮ አፍ ላይ ብቻ የሚቀመጠው ዓይነት ምቾት አለው። ግን እሱ ለቢሮና ለቤት ነው። ታክሲ ውስጥ እየሰማሽበት ድምፁን አለመጨመር ይከብዳል።

አሁን ጫጫታ ስለሚያጠፋው። ኤኤንሲ የሚባለው ማለት ነው። ኢርፎኑ ላይ ያሉ ማይኮች የውጭውን ድምፅ ይሰሙና ተቃራኒውን ሞገድ ይለቁበታል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። በጣም የሚሠራው ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅ ላይ ነው። የሚኒባስ ሞተር፣ የአውቶቡስ ጉርምርምታ፣ የጄኔሬተር ድምፅ። የሰው ወሬ፣ ጡሩንባና ድንገተኛ ጩኸት ላይ ግን ደካማ ነው፤ እነሱን የሚያስቀርልሽ ጎማው ነው። ጎማው ካልገጠመ ኤኤንሲውም በሚገባ አይሠራም። ስለዚህ ገንዘቡ ካለሽ ለአንቺ መንገድ ያዋጣል እላለሁ፤ ረጅም ነው፣ ሞተሩም አይቆምም። ከሌለሽ ደግሞ በደንብ የሚዘጋ ተራ ኢርፎን በደንብ ከማይዘጋ ኤኤንሲ ይበልጣል። አንድ ነገር ልብ በይ። የተከፈተ መስኮት አጠገብ ከተቀመጥሽ ነፋሱ ማይኩን ስለሚመታው ሹሹታ ይሰማሻል። ተበላሽቶ አይደለም፤ አጥፊው ወይም ቦታ ቀይሪ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሸወድ አይቻለሁ። ካርቶኑ ላይ ኢኤንሲ (ENC) የሚል ካየሽ ኤኤንሲ (ANC) እንዳይመስልሽ። የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ናት የምትለየው። ኢኤንሲ ስልክ ስታወሪ ያኛው ወገን የአንቺን ድምፅ አጥርቶ እንዲሰማ ነው። አንቺ የምትሰሚው ጫጫታ ላይ ምንም አያደርግም። ሻጩ «ኖይዝ ካንስሊንግ አለው» ሲልሽ የትኛው ብለሽ ጠይቂው። ኤኤንሲ ነው ካለ ሞተሩን ያስነሳ መኪና አጠገብ ቆመሽ አብሪው፣ አጥፊው። ልዩነቱ በግልጽ መሰማት አለበት።

ገመድ ወይስ ብሉቱዝ? ሬዲዮ ማለትሽ መልሱን ይቀይረዋል። ሸገር 102.1ን ወይም ፋና 98.1ን በስልክሽ ኤፍኤም የምትከፍቺ ከሆነ ስልኩ የኢርፎኑን ገመድ እንደ አንቴና ነው የሚጠቀመው። አብዛኛው ስልክ ገመድ ካልተሰካ ኤፍኤሙን አይከፍትም። በብሉቱዝ ብቻ ከሆንሽ በኢንተርኔት ማዳመጥ ሊኖርብሽ ነው፤ ያ ደግሞ ዳታ ይበላል። ባለገመድ ቻርጅ አይፈልግም፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ አይመለከተውም፣ በተመሳሳይ ዋጋ ድምፁም አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። ችግሩ ገመዱ ልብስ ሲነካ የሚፈጥረው ኩሽኩሽታ ነው። ነጠላ ወይም ሻሽ ካደረግሽ ይብስብሻል። ገመዱን ከጆሮሽ በላይ አዙረሽ በኋላ በኩል ብታወርጂው በጣም ይቀንሳል። መጀመሪያ የሚሞተው መሰኪያው ሥር ያለው ገመድ ነው፤ ስለዚህ ስትነቅይ ገመዱን ሳይሆን ፕላስቲኩን ያዢ።

ስልክሽ የጃክ ቀዳዳ ከሌለው ታይፕ ሲ ማገናኛ ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ውስጡ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ አለው፣ ሌላው ዝም ብሎ ሽቦ ነው። ቺፕ የሌለው ብዙ ስልክ ላይ ጭራሽ አይሠራም። ስልክሽን ይዘሽ ሂጂና ሰክተሽ ሳትሰሚ አትግዢ።

ብሉቱዝ በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ ምቹ ነው፤ በሰው ቦርሳ የሚጠለፍ ገመድ የለም። ግን ባትሪው በጣም ትንሽ ነው፤ በየቀኑ ሲሠራ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ መድከሙ አይቀርም፣ አብዛኛውም ባትሪው አይቀየርም። ስለዚህ በጣም ውድ ብሉቱዝ መግዛት ብዙም አይታየኝም። በአንድ ቻርጅ አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ፣ ላብና ካፊያ የሚችል፣ ማለትም አይፒኤክስ 4 የተጻፈበት ይበቃሻል። ኤልዳክ፣ አፕቲኤክስ የሚሉት የድምፅ አላላክ ዓይነቶች ለትረካም ለታክሲም ለውጥ የላቸውም፤ ለእነሱ ብለሽ ብር አትጨምሪ።

ዋጋ አልጽፍልሽም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል። መርካቶና ቦሌ ግን ሁለቱንም ሳትጠይቂ አትወስኚ። ከብራንዶቹ ኦራይሞ በየቦታው ስለሚገኝ ለመሞከርም ለማወዳደርም ይቀላል። ሳውንድኮርና ጄቢኤል በዋጋ ከፍ ይላሉ፤ ኮፒያቸውም አለ። በነጯ የአፕል ኤርፖድ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቂ። አይፎን አጠገብ ስትከፈት ስክሪኑ ላይ ብቅ ማለቷ ኦርጅናልነቷን አያረጋግጥም፤ ኮፒውም ይህን ያደርጋል። ከአይኦኤስ 16 (የአይፎን ሶፍትዌር ነው) ወዲህ አይፎኑ ራሱ «ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ እሱን እዪ። ማስጠንቀቂያ አለመምጣቱ ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይደለም።

ሱቅ ስትሄጂ ሁልጊዜ የምትሰሚውን ትረካ ስልክሽ ላይ ጭነሽ ሂጂ። ሻጩ የሚከፍትልሽ ዘፈን ቤዙ እንዲያስደንቅ የተመረጠ ነው። የተራኪው ድምፅ በጭንቅላትሽ መሐል መሰማት አለበት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የኢርፎኑ አንዱ ጎን ደክሞ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ በሩ ውጪና የስልኩን ድምፅ ግማሽ ላይ አድርጊ። ቃላቱን መከተል ካቃተሽ ጎማ ቀይሪ፤ ያም ካልሆነ ዕቃውን ተዪው። ከደጅ ሆነሽ ለአንድ ሰው ደውዪ፤ ድምፅሽ እንዴት እንደሚሰማ የሚነግርሽ እሱ ነው። ሌላ ሰው የሞከረውን ጎማ ግን ጆሮሽ ውስጥ እንዳታስገቢ። አዲስ አስቀይሪ ወይም በአልኮል አስጠርጊ። የጆሮ ኢንፌክሽን በዚህ ሊተላለፍ ይችላል።

ከገዛሽ በኋላ አንድ ቀን አንዱ ጎን ድምፁ ቢቀንስ ወደ ጥገና አትሩጪ። ብዙውን ጊዜ ወንፊቷን የዘጋው የጆሮ ኩክ ነው። ጎማውን አውልቂ፣ ወንፊቷን ወደ ታች ዘቅዝቂ፣ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለሽ ጥረጊ። ውኃ አታስነኪው፣ መርፌም አታስገቢ።

መንገድ ስትሻገሪ ሁለቱንም አውልቂ፣ ቢያንስ አንዱን። ይህን አጥብቄ የምለው በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ስለሞላ ነው። ቀስ ብለው ሲመጡ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም፤ ጆሮሽ ከተዘጋ ጭራሽ አታውቂያቸውም።

እንግዲህ ለአንቺ የምለው ይህ ነው። ስልክሽ ጃክ ካለው ጥሩ ጎማ ያለው ባለገመድ ግዢ፤ ስልክሽ ኤፍኤም ካለው ሬዲዮሽም ይሠራል፣ ብርሽም ይተርፋል። የተረፈውን ትርፍ ጎማ ግዢበት፣ ስፖንጅ መሰሉንም ጨምሪ፤ ግን ጎማው የሚገባበት አፍ ከዕቃ ዕቃ ስለሚለያይ ኢርፎኑን ይዘሽ ሄደሽ ግጠሚው። ጃክ ከሌለው ኤኤንሲ ያለው መካከለኛ ዋጋ ብሉቱዝ ውሰጂ፣ ደረሰኝና የዋስትና ወረቀትም ተቀበዪ፤ የኢርፎኑን አንድ ጎን ብቻ ለይቶ የሚሸጥ ሱቅ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ከታክሲ ስትወርጂ ሁለቱንም ኬዙ ውስጥ መልሺ። የስልክሽን ዓይነት ብትጽፊልኝ ኤፍኤም እንዳለውና የትኛው ማገናኛ እንደሚሆነው አይቼ እነግርሻለሁ።