ለመጋዘናችሁ የሚመጥነው ሶፍትዌር

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሊያማክረኝ ቤቴ መጣ። ቃሊቲ መጋዘን ተከራይቶ የታሸገ ምግብና የንጽህና ዕቃ ያከፋፍላል። የመጋዘን ሶፍትዌር ሊገዛ ስላሰበ ሦስት ፕሮፎርማ ይዟል። «ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?» አለኝ። ወረቀቶቹን ከማየቴ በፊት «ሰኔ 30 ስትቆጥሩ ስንት ጎደለ? የትስ ነው የጎደለው?» ብዬ ጠየቅኩት። ስንት እንደጎደለ ያውቃል። የት እንደጎደለ አያውቅም። «እሱን እኮ ሶፍትዌሩ ይነግረኛል ብዬ ነው» አለኝ።

አይነግረውም። ሶፍትዌር የሚያውቀው ያስገባችሁለትን ብቻ ነው። ዕቃው ያለ ወረቀት በጎን በር ከወጣ፣ ውድ የተባለው ሲስተምም ዕቃው አሁንም መደርደሪያው ላይ እንዳለ ያሳያችኋል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል ደረሰኝ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። ቢን ካርዱ ከዕቃው ጋር መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ይጻፍበታል። ሒሳብ ክፍል ደግሞ የራሱ ስቶክ ካርድ አለው። ዕቃውን የሚይዝና ሒሳቡን የሚይዝ ሰው የተለያዩ ናቸው፤ በየጊዜው ሁለቱ ካርዶች ይመሳከራሉ። ሶፍትዌር ይህንን ሥራ ያፋጥናል እንጂ ከባዶ አይፈጥረውም።

ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን የሶፍትዌር ደረጃ የሚወስነው የመጋዘኑ ስፋት ወይም የካፒታላችሁ መጠን አይደለም። ዛሬ መመለስ ያቃታችሁ ጥያቄ ነው።

አንድ በር፣ አንድ ስቶር ኪፐር፣ ሁለትና ሦስት መቶ ዓይነት ዕቃ ካላችሁ ቢን ካርድና በየቀኑ የሚሞላ ኤክሴል ይበቃችኋል። ይህን ስል የሚከፋቸው ልጆች አሉ፤ ወደ ኋላ የምጎትታቸው ይመስላቸዋል። በኤክሴል ትክክለኛ ቀሪ የሚይዝ ድርጅት ግን ከብዙ ባለ ሲስተሞች የተሻለ ነው።

መርካቶ ያለው ሱቅ የሸጠውን ዕቃ ቃሊቲ ያለው መጋዘን ለሌላ ደንበኛ ቃል መግባት ሲጀምር፣ ጥያቄያችሁ «በጠቅላላው ስንት አለን?» ሆኗል። ያኔ ሽያጭን፣ ግዢንና ስቶክን በአንድ የሚይዝ ፕሮግራም ያስፈልጋል። አገራችን ውስጥ ብዙ ሒሳብ ሠራተኛ የሚያውቀው ፒችትሪ ለዚህ ያገለግላል። ስንት እንዳለና ዋጋው ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል። የትኛው ባች (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተ ዕቃ) የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ለመከታተል ግን አልተሠራም።

«የት ነው ያለው? የትኛው ቀድሞ ይውጣ?» የሚለው ጥያቄ ሲያስቸግራችሁ ነው እውነተኛው የመጋዘን ሶፍትዌር የሚመጣው። እያንዳንዱ መደርደሪያ ኮድ ይኖረዋል። ባርኮድ በስካነር ይነበባል። ሲስተሙ ዕቃው የት እንደሚቀመጥና ከየት እንደሚነሳ ይመራል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የመድኃኒት አቅርቦት ነው። የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት በማዕከልና በቅርንጫፍ መጋዘኖቹ ባችና የማብቂያ ቀን መከታተል ግዴታው ነው፤ ቀኑ ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ መውጣት አለበት። ጤና ጣቢያ ላይ ጥያቄው ይለያል። በየሁለት ወሩ ስንት ተጠቀምን፣ ስንት ቀረ ብሎ ሪፖርት ማድረግ ነው። የአፋሮችን የመረጃ ልውውጥ ባህል ስም የያዘው ዳጉ የተባለው ሶፍትዌር በዚህ ደረጃ ላሉ ተቋማት የተዘጋጀ ነው። ጤና ኬላ ስትደርሱ ደግሞ ካርድ ታገኛላችሁ። መድኃኒቱ ያው ነው። መዝገቡ ግን እንደየቤቱ ጥያቄ ይለያያል።

አሁን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። በኋላ በሠራሁበት አንድ የግል ድርጅት ትልቅ ሲስተም ተገዛ። የግዢው ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ፤ ፈርሜያለሁ። ከኮሚቴው አባላት አንድም ስቶር ኪፐር አልነበረም። ሥልጠናው ላይ አንዲት የቆዩ ስቶር ኪፐር እጃቸውን አውጥተው «ማታ ሁለት መኪና አንድ ላይ ሲመጣ፣ መብራትም ሲጠፋ እንዴት ነው የምናደርገው?» ብለው ጠየቁ። አሠልጣኙ ወደ እኔ አየ። እኔም «እሱ ይስተካከላል» አልኩ።

አልተስተካከለም። መኪና ይመጣል፣ ሹፌሩ ይቸኩላል፣ ጫኝና አውራጆቹ በሰዓታቸው መሄድ አለባቸው። ሲስተሙ ግን እያንዳንዱ ፓሌት (ካርቶን የሚደረደርበት መደብ) ላይ መለያ ካልተለጠፈ አላስገባም ይላል። ዕቃው ይራገፋል፣ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ «ነገ እናስገባዋለን» ይባላል። ነገ ሌላ መኪና ይመጣል። ዓመት ሳይሞላ ሁለት ሒሳብ ነበረን። የሲስተሙ አለ፣ የደብተሩ አለ። ሁላችንም የምናምነው ደብተሩን ነበር።

በቆጠራ ጊዜ ከአንዱ ዕቃ ሁለት መቶ ፍሬ ጎደለ። ተጠያቂ የተደረጉት እኒያ ሴትዮ ነበሩ። ሥራቸውን ሊያጡ ነው፤ ስማቸውም ጠፋ። ከስንት ቀን በኋላ የግዢ ሰነዶቹን አንድ በአንድ ስናገላብጥ ነገሩ ወጣ። አንዱ አቅራቢ በካርቶን 24 ፍሬ ይልካል፣ ሌላው 20። ሲስተሙ ላይ ግን እያንዳንዱ ካርቶን 24 ፍሬ ተብሎ ተመዝግቧል። ሃምሳ ካርቶን፣ በየካርቶኑ አራት። አንድም ፍሬ አልተሰረቀም። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ተቀበሉን። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ ላይ ዝም ያሉ ሰው ሆኑ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ስለዚህ ሻጩ ሲያሳያችሁ ስቶር ኪፐራችሁ አጠገባችሁ ይቀመጡ። ያልተገላበጠ ያራል፤ እሳቸው ያገላብጡላችሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል ወይ? አንድ ዕቃ በፍሬም፣ በደርዘንም፣ በካርቶንም መያዝ ይችላል? ካርቶኑ ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የእኛ ሰነድ በኢትዮጵያ፤ ሲስተሙ ሁለቱን እንዴት ይይዛል? ብንለያይ መረጃችንን በኤክሴል አውጥተን መውሰድ እንችላለን? ሲበላሽ ማን ነው የሚመጣው?

የዓመት ክፍያው በምን ገንዘብ እንደሆነም አጣሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተዋዋሉ ሰዎች ሶፍትዌራቸው ሳይለወጥ ክፍያቸው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ለዚያ ወጣት የሰጠሁት ሥራ ቀላል ነው። ለአንድ ወር በየማታው አሥር ዓይነት ዕቃ ይቁጠር፤ በብዛት ከሚሸጠው ይጀምር። ልዩነት ባገኘ ቁጥር መጠኑን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይጻፍ። ርክክብ ላይ ነው? ካርቶን ሲፈታ ነው? በስልክ ታዞ ያለ ወረቀት የወጣ ነው?

ትናንት ደወለልኝ። በስድስት ቀን ውስጥ ካገኛቸው ልዩነቶች አብዛኞቹ የመጡት ቅዳሜ ከሰዓት ከወጣ ዕቃ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛዋ ግማሽ ቀን ነው የምትሠራው። ፕሮፎርማዎቹ እኔ ዘንድ ናቸው፤ ወሩ ሲያልቅ ስቶር ኪፐሩን ይዞ ይመጣና ሦስታችን እናያቸዋለን።